በማሳቹሴትስ የሽጉጥ ፈቃድ ላይ የሚጻፍ ገደብና የከተማው ፖሊስ አዛዥ የመወሰን ሥልጣን

የቀረበው ጥያቄ፦ «በ2021 በማሳቹሴትስ ግዛት እኖርበት የነበረው ከተማ የሰጠኝ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ ‹ለዒላማ ልምምድና ለአደን ብቻ› የሚል ገደብ አለበት። በአጎራባች ከተማ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ በዚያው ዓመት አመልክቶ ምንም ገደብ የሌለበት ፈቃድ ተሰጠው። ሁለታችንም የወንጀል ሪከርድ የለብንም፤ ሥራችንም አንድ ነው። አንድ የግዛት ሕግ እያለ ፖሊስ ከከተማ ከተማ እንዲህ እንዲለያይ የፈቀደለት ምንድን ነው? አሁን እኔም ወደ እሱ ከተማ ተዛውሬያለሁ፤ ገደቡ ዛሬም ይጸናብኛል ወይ? ለማስነሣትስ ምን ማድረግ አለብኝ?»

ምላሽ፦ ባጭሩ ለመመለስ፣ ልዩነቱን የፈጠረው ሕጉ ራሱ ነው። ሕጉ ፈቃድ የመስጠቱን ብቻ ሳይሆን ፈቃዱን የማጥበቡንም ጉዳይ ለየከተማው የፖሊስ አዛዥ ሚዛን ትቶት ነበርና። አመልካቹ ሽጉጥ ለመያዝ የተለየ ምክንያት አላሳየም በሚል ብቻ ገደብ መጣል ከ2022 ወዲህ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ሆኖም በካርድዎ ላይ የተጻፈው ቃል በራሱ ጊዜ አይፋቅም፤ ስለዚህ እስኪነሣልዎ ድረስ እንደሚጸና ቆጥረው እንዲንቀሳቀሱ አጥብቄ እመክራለሁ። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰና የአዛዡ ሥልጣን ዛሬ የት እንደ ቀረ ማወቁ ማመልከቻዎን ሲጽፉ ስለሚጠቅምዎ በዝርዝር እሄድበታለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በማሳቹሴትስ የሽጉጥ ፈቃድን የሚገዛው የግዛቱ ሕጎች ምዕራፍ 140 ክፍል 131 ነው። ይህ ሕግ ሥራውን ለአንድ ማእከላዊ መሥሪያ ቤት አልሰጠም፤ አመልካቹ ለሚኖርበት ወይም የንግድ ቦታው ለሚገኝበት ከተማ የፖሊስ አዛዥ ሰጠ እንጂ። ግዛቱ ትንንሾቹን ጨምሮ 351 ከተሞች አሉት፤ እያንዳንዱ አዛዥም በክልሉ ውስጥ ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ነው። ካርዱ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፤ ክፍያው 100 ዶላር ነው፤ የሚጸናው ቢበዛ ለ6 ዓመት ነው፤ የትም ከተማ ቢሰጥ በመላው ግዛት ይሠራል። የሚለያየው ውሳኔውን የሚሰጠው ሰው ነበር፤ ሰውየው ደግሞ ሰፊ ሥልጣን ነበረው።

እስከ 2022 አጋማሽ ድረስ ሕጉ አዛዡ ፈቃድ «ሊሰጥ ይችላል» ይል ነበር፤ «ይሰጣል» አይልም። አመልካቹ በሕግ ከተከለከሉት ሰዎች ወገን አለመሆኑ ብቻውን አይበቃም ነበር። በተጨማሪ ለፈቃዱ «ተስማሚ ሰው» መሆን ነበረበት፤ ከዚያም በሕይወቱ ወይም በንብረቱ ላይ ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ ለመሥጋት በቂ ምክንያት እንዳለው፣ ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው ምክንያት እንዳለው ማስረዳት ነበረበት፤ ለስፖርትና ለዒላማ ተኩስ ብቻ መያዝም ከእነዚህ ሌሎች ምክንያቶች አንዱ ሆኖ በሕጉ ተጠቅሷል። በመጨረሻም አዛዡ በመሣሪያው አያያዝና አጠቃቀም ላይ ተገቢ መስሎ የታየውን ገደብ እንዲጽፍ ተፈቅዶለት ነበር። የእርስዎ ገደብ የተወለደው በእነዚህ ድንጋጌዎች መገጣጠሚያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ገደብ የተጻፈበት ፈቃድ የጥርጣሬ ምልክት አልነበረም። አዛዡ አመልካቹን ቢጠራጠር ኖሮ ጨርሶ ይከለክለው ነበር። ገደቡ በመስጠትና በመከልከል መካከል ያለ ማረፊያ ነበር፤ «ሰውየው ተስማሚ ነው፣ ሽጉጡን ግን በመንገድ ይዞ የሚዞርበትን ምክንያት አላየሁም» ማለት ነው። ስለዚህ ባለ ገደቡም ሆነ ገደብ የለሹ ባለ ፈቃድ በወንጀል ሪከርድ፣ በአሻራና በሥልጠና ያለፉት ፈተና አንድ ነው። እርስዎና ባልደረባዎ የተለያያችሁት ከዚያ በኋላ ባለው በምክንያት ጥያቄ ላይ ብቻ ነው፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ በግዛቱ ሕግ ውስጥ ዝርዝር መለኪያ አልነበረውም።

መለኪያ የሌለውን ጥያቄ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በራሱ ልማድ ሞላው። በቦስተን አመልካቹ ከመላው ሕዝብ የሚለየው ሥጋት እንዳለበት ካላሳየ በቀር ለሥራ፣ ለአደንና ለዒላማ ወይም ለስፖርት በሚል ገደብ ብቻ ይሰጠው ነበር፤ በዚያ ላይ የከተማው ፖሊስ በሙን አይላንድ ባለው የተኩስ ሥፍራው ተኩሶ መፈተንን ይጠይቅ ነበር። ጎረቤቱ ብሩክላይን የራሱ የገደብ ዓይነቶች ነበሩት። ሎውል በ2016 ባወጣው መመሪያ ገደብ የሌለበት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ እንዲያብራራ ጠየቀ፤ አመልካቾች ይህን «የሽጉጥ ድርሰት» እያሉ ያላግጡበት እንደ ነበር ማንም አይፈርድባቸውም፤ በጽሑፍ የተካነ ሰው ከጽሑፍ ካልተካነው ይልቅ ራሱን የመከላከል መብት አለው የሚል ሕግ የለምና። በሌሎች ብዙ ከተሞች ደግሞ፣ በተለይ ከትልልቆቹ ከተሞች ራቅ ባሉት፣ «ለራስ መከላከያና ለማንኛውም ሕጋዊ ዓላማ» ብሎ መሙላት በቂ ነበር። ከሁሉም የከፋው መመሪያው ያልተጻፈበት ቦታ ነበር፤ አመልካቹ ደንቡን የሚሰማው ፈቃድ ክፍል ካለው መኮንን አንደበት ነው፤ መኮንኑ ሲቀየር ደንቡም አብሮ ይቀየራል።

አዛዦች ለምን እንዲህ ተለያዩ ለሚለው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አንዱ መሣሪያ ይወዳል፣ ሌላው ይጠላል» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ ሙሉ መልስ አይደለም። አዛዡ የተቀመጠበትን ወንበር እንመልከት። ብዙውን ጊዜ የሚሾመው በከንቲባ ወይም በከተማው የመራጮች ተወካይ ቦርድ ነው። ገደብ የሌለበት ፈቃድ የሰጠው ሰው ነገ አንድ ሰው ቢጎዳ ፊርማው በጋዜጣ ይወጣል፤ ገደብ የጣለበት ሰው ሽጉጡን ቤት ትቶ ወጥቶ መንገድ ላይ ቢጠቃ ግን ማንም ወደ አዛዡ ጣቱን አይቀስርም። ስሕተቱ በአንድ በኩል ብቻ በሚያስጠይቅበት ሥራ ላይ ያለ ማንኛውም ባለሥልጣን፣ ለመሣሪያ ያለው አመለካከት ምንም ይሁን ምን፣ ወደማያስጠይቀው በኩል ማዘንበሉ አይቀርም። ነዋሪው በተጨናነቀበት፣ የሽጉጥ ወንጀል በሚታይበት፣ የከተማው አስተዳደርም ጥብቅነትን በሚፈልግበት ቦታ ይህ ማዘንበል ይበረታል። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ደግሞ አዛዡ አመልካቹን በዓይኑ ስለሚያውቀው ይቀላል። ልብ ይበሉ፣ መተዋወቅ ለአዲስ መጤና ለስደተኛ ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም፤ የማይታወቅ ሰው ደኅና ሰው ቢሆንም የማይታወቅ ሰው ነው።

ፍርድ ቤቶች ይህን ልዩነት ለማስተካከል ለረዥም ጊዜ ብዙ ፍላጎት አላሳዩም። የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1983 ከሸልበርን ከተማ በመጣ ጉዳይ፣ ተስማሚ ሰው መሆኑንና የአዛዡ እምቢታ በዘፈቀደ የተሰጠ መሆኑን የማስረዳቱን ሸክም በአመልካቹ ላይ ጣለ። በቀጣዩ ዓመት፣ ራሱን ለመከላከል የሚያገለግል ፈቃድ ከቦስተን ፖሊስ ኮሚሽነር የጠየቀ ሰው፣ ማንም ሰው የወንጀል ሰለባ ሊሆን ይችላል ከሚለው አጠቃላይ ሥጋት ያለፈ ነገር አላሳየህም ተብሎ ተረታ። ዳኛው የሚመረምረው እርሱ ራሱ በአዛዡ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚወስን ሳይሆን ውሳኔው ምንም አሳማኝ ምክንያት የሌለው መሆን አለመሆኑን ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ መለኪያ፣ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ከተሞች ተቃራኒ ውሳኔ ቢሰጡ ሁለቱም ትክክል ሊባሉ ይችላሉ። የእርስዎና የባልደረባዎ ጉዳይ በትክክል ይኸው ነው።

በፌዴራሉ በኩልም ማሳቹሴትስን የሚያካትተው የመጀመሪያው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 የቦስተንንና የብሩክላይንን አሠራር አጸናው። የፍርዱ ሐተታ ልዩነቱን እንደ ጉድለት አላየውም፤ የከተማው አዛዥ የአካባቢውን ሁኔታ ስለሚያውቅ ግዛቱ ለእርሱ መተዉ ምክንያታዊ ነው አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2020 ጉዳዩን አላይም ብሎ መለሰው። ስለዚህ በ2021 ፈቃድዎን የሰጠዎት አዛዥ ገደቡን ሲጽፍ በጊዜው በነበረው ሕግ ስሕተት አልሠራም፤ ይህን የምለው አንዳንዶች ለአሮጌ ገደብ ካሣ ለመጠየቅ ሲዘጋጁ ስለማይ ነው።

ይህ ሁሉ የማሳቹሴትስ ብቻ ጠባይ አልነበረም። ኒውዮርክ ከ1913 ጀምሮ «ተገቢ ምክንያት» ይጠይቅ ነበር፤ በኒውዮርክ ከተማ ወሳኙ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ሲሆን በአብዛኛው የግዛቱ ክፍል ግን ዳኞች ነበሩ። በካሊፎርኒያ ሥልጣኑ በካውንቲ ሸሪፎችና በከተማ ፖሊስ አዛዦች እጅ ነበር፤ በገጠሩ ካውንቲ በቀላሉ የሚገኘው ፈቃድ በሎስ አንጀለስ የማይታሰብ ነበር። ሚዛኑ በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ምን ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት ሁለት ጉዳዮችን ብቻ ላንሣ። በ1956 በሞንትጎመሪ፣ አላባማ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤቱ በቦምብ ከተመታ በኋላ መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ አመልክቶ ተከለከለ፤ ከእርሱ የበለጠ የመሥጋት ምክንያት የነበረው ሰው በዚያች ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። በ2022 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላራ ካውንቲ ሸሪፍ የሽጉጥ ፈቃድን ለደጋፊዎችና ለታዋቂ ሰዎች በማድላት ጭምር በቀረበባቸው የሥነ ምግባር ክስ በዳኞች ሸንጎ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ከሥልጣናቸውም ፍርዱ ከመሰጠቱ ጥቂት ቀናት በፊት ለቅቀው ነበር። አብዛኞቹ አዛዦች ቅን ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሕግ ሲረቀቅ ግን የሚታሰበው ስለ ቅኖቹ ብቻ መሆን የለበትም።

ነገሩ የተገለበጠው ጁን 23 ቀን 2022 ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒውዮርክ ግዛት የጠመንጃና የሽጉጥ ማኅበር በግዛቱ ፖሊስ የበላይ ኀላፊ በብሩን ላይ ባቀረበው ክስ፣ በ6 ለ3 ድምፅ፣ በዳኛ ክላረንስ ቶማስ በተጻፈው ፍርድ የኒውዮርክን «ተገቢ ምክንያት» ሻረ። ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው ዝርዝር ይህ ነው፦ ማኅበሩን ተከትለው የከሰሱት ሁለት የሬንሰሌር ካውንቲ ነዋሪዎች ፈቃድ ጨርሶ የተከለከሉ ሰዎች አልነበሩም። እንደ እርስዎ ፈቃድ ነበራቸው፤ ግን ለአደንና ለዒላማ ተብሎ የተገደበ ነበር፤ ለአንዱ ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ እንዲይዝ ተጨምሮለታል። ፍርድ ቤቱ ሕግ አክባሪ ሰው ራሱን ለመከላከል ከቤቱ ውጭ ሽጉጥ የመያዝ መብት በሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የተጠበቀ ስለሆነ፣ መብቱን ለመጠቀም ከሌላው ሕዝብ የተለየ ችግር እንዲያሳይ ሊጠየቅ አይችልም አለ። ፍርዱ ተመሳሳይ ሕግ ያላቸው ብሎ ከጠራቸው 6 ግዛቶች አንዷ ማሳቹሴትስ ናት።

ፍርዱ ግን ፈቃድ መጠየቅን በራሱ አልከለከለም፤ ይህን ማለፍ አይገባም። በ43 ግዛቶች የነበረው ዓይነት፣ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ፈቃድ የሚያገኝበት አሠራር ሊቀጥል እንደሚችል በግርጌ ማስታወሻው ገልጿል፤ ጥበቃው እጅግ ከረዘመ ወይም ክፍያው ከልክ ካለፈ ግን እርሱም ሊከሰስ እንደሚችል አክሏል። ዳኛ ካቫኖ በተለየ አስተያየታቸው አሻራ፣ የሪከርድ ማጣሪያ፣ የአእምሮ ጤና መዝገብ ምርመራና ሥልጠና ተቀባይነት እንዳላቸው ዘርዝረው፣ የተነቀፈው ለፈቃድ ሰጪዎች የተተወው ወሰን የለሽ የመወሰን ሥልጣን መሆኑን ጻፉ።

ማሳቹሴትስ ምላሽ ለመስጠት ብዙ ቀን አልፈጀባትም። ጁላይ 1 ቀን 2022 በዚያን ጊዜ በሞራ ሂሊ የሚመራው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮና የግዛቱ የሕዝብ ደኅንነት ጽሕፈት ቤት በጋራ ባወጡት መመሪያ፣ አመልካቹ በቂ ምክንያት የለውም በማለት ፈቃድ መከልከልም ሆነ ገደብ መጣል እንዲቆም ለሁሉም አዛዦች አሳወቁ። በኦገስት ወር ደግሞ የሕግ አውጪው ምክር ቤት ክፍል 131ን አሻሻለ፤ የምክንያት መስፈርቱ ከሕጉ ወጣ፤ «ሊሰጥ ይችላል» የነበረውም የሕግ ክልከላ ለሌለበትና ተስማሚ ላልሆነ ሰው ለማይቆጠር አመልካች ግዴታ ሆነ። ይህች የአንድ ግሥ ለውጥ ጥቃቅን ነገር እንዳትመስልዎ። የግዛቱ የበላይ ፍርድ ቤት በማርች 2025 ስለ ሌላ ግዛት ነዋሪዎች ፈቃድ በሰጣቸው ሁለት ፍርዶች፣ «ሊሰጥ ይችላል» የሚለውን የቀድሞውን ድንጋጌ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲሽር፣ «ይሰጣል» የሚለውን የኋለኛውን ግን አጽንቶታል።

እንግዲህ የአዛዡ ሥልጣን አበቃ ማለት ነው? አላበቃም፤ ቦታ ለወጠ። ድሮ ዋናው ጥያቄ «ለምን ትፈልገዋለህ?» የሚል ነበር፤ ዛሬ የቀረው «አንተ ማን ነህ?» የሚለው ነው፤ ይህም ተስማሚ ሰው የመሆን ፈተና ነው። እኔ እንደማየው ከ2022 ወዲህ የክርክሩ ሁሉ ክብደት ወደዚህ ተሻግሯል፤ ቀድሞ በገደብ ይሸኝ የነበረ አጠራጣሪ አመልካች አሁን ወይ ሙሉ ፈቃድ ያገኛል ወይ ጨርሶ ይከለከላል፤ የመካከለኛው ማረፊያ ስለጠፋ።

ተስማሚነትም ቢሆን እንደ ድሮው ልቅ አይደለም። በ2014 የወጣው ሕግ አዛዡ አንድን ሰው ተስማሚ አይደለም ሲል፣ ሰውየው ፈቃድ ቢሰጠው ለሕዝብ ደኅንነት አደጋ ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ጠባይ ማሳየቱን በታማኝና ሊታመን በሚችል መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ ወይም ይህን የሚያመለክቱ አሁን ያሉ ሁኔታዎችን ጠቅሶ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ አስገድዷል። በጽሑፍ የሚለው ቃል ወርቅ ነው። ያልተጻፈ ምክንያት በዳኛ ፊት ሊመረመር አይችልም፤ የተጻፈ ግን ይያዛል፣ ይመዘናል፣ ሐሰትም ከሆነ ይገለጣል። ይሁን እንጂ መረጃው የጥፋተኝነት ፍርድ መሆን የለበትም። የግዛቱ የበላይ ፍርድ ቤት በ2015 ከዉስተር በመጣ ጉዳይ፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ተከሶ ክሱ የተቋረጠለት ሰው ፈቃድ መሰረዙን ሲያጸና እንዳሳየው፣ ወንጀል ሳይረጋገጥም የድርጊቱ ማስረጃ ሊያስከለክል ይችላል። ፖሊስ በቤት ጠብ ምክንያት የተጠራባቸው ጊዜያት፣ የዛቻ አቤቱታዎች፣ መሣሪያን በግዴለሽነት መያዝ፣ እንዲሁም በማመልከቻው ላይ የተደበቀ አሮጌ እስር በብዛት የሚነሡ ምክንያቶች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ያሳዝነኛል፤ የሃያ ዓመት ትንሽ ጉዳይ ብቻውን የማያስከለክለው ሰው ስለ ደበቀው ብቻ ሲከለከል ይታያልና።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 በራሂሚ ጉዳይ በ8 ለ1 ድምፅ፣ ለሌላ ሰው አካላዊ ደኅንነት አደጋ መሆኑ በፍርድ ቤት የተረጋገጠበትን ሰው ትጥቅ ማስፈታት እንደሚቻል ወሰነ፤ በዚያው ፍርድ ግን «ኀላፊነት የሚሰማው» ያልሆነ ሰው ሁሉ ይከለከል የሚለውን የመንግሥት ክርክር፣ ቃሉ ጥርት ያለ መለኪያ አይሆንም ብሎ አልተቀበለውም። «ተስማሚ» የሚለው ቃልም አንድ ቀን ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠብቀዋል የሚል ግምት አለኝ፤ እስከዚያው ግን የሚሠራ ሕግ ነው።

ሥልጣን የሚሠራው በእምቢታ ብቻ እንዳልሆነም ይወቁ። በሕጉ አዛዡ በ40 ቀናት ውስጥ መወሰን አለበት፤ በተግባር ግን የአሻራ ቀጠሮ ለማግኘት ብቻ ወራት የሚያስጠብቁ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፣ ቀኑም መቁጠር የሚጀምረው ማመልከቻው ተሟልቶ ሲቀርብ ነው በሚል ይዘገያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያመለክት ሰው በ2022 የተጨመረው የግል ቃለ መጠይቅም አዛዡ ሰውየውን የሚመዝንበት ሌላ መድረክ ነው። እርስዎ ባለ ፈቃድ ስለሆኑ ይህኛው አይመለከትዎትም።

አሁን ወደ ሚያደርጉት ነገር እንምጣ። በመጀመሪያ፣ ከተማ ሲቀይሩ በ30 ቀናት ውስጥ ለቀድሞው አዛዥ፣ ለአዲሱ አዛዥና ለግዛቱ የወንጀል ፍትሕ መረጃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት አድራሻዎን በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታዎ ነው፤ ካላደረጉት ሌላ ነገር ከመጠየቅዎ በፊት ይህን ያሟሉ፤ ጊዜው ቢያልፍም ዘግይቶ ማሳወቅ ጨርሶ ካለማሳወቅ ይሻላል። መዛወርዎ ፈቃድዎን አያፈርሰውም፤ ገደቡንም አያነሣውም። የአዲሱ ከተማ አዛዥ ለባልደረባዎ ገደብ የሌለበት ፈቃድ መስጠቱ ለእርስዎ ካርድ በራሱ ምንም አይጨምርለትም።

ቀጥሎ አሁን ለሚኖሩበት ከተማ የፖሊስ አዛዥ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። የፈቃድዎን ቁጥር፣ የተሰጠበትን ቀንና የገደቡን ቃል ጠቅሰው፣ ገደቡ የተጣለው በምክንያት ጥያቄ መሆኑን፣ ይህም ከብሩን ፍርድ፣ ከጁላይ 1ዱ መመሪያና ከኦገስት 2022ቱ ማሻሻያ ወዲህ መሠረት እንደሌለው አስረድተው፣ ገደብ የሌለበት ካርድ እንዲተካልዎ ይጠይቁ። የሚያስፈራዎትን ሰው፣ የሥራዎን አደጋ ወይም የሰፈርዎን ሁኔታ መተረክ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ባይተርኩ ይመረጣል፤ ሕጉ የማይጠይቅዎትን ምክንያት በራስዎ ፈቃድ ሲያቀርቡ የተሻረውን ፈተና መልሰው ይተክሉታልና። ደብዳቤውን በአደራ ፖስታ ይላኩ፤ የተቀበሉበትን ማረጋገጫም ይያዙ። በቀድሞው ከተማዎ መዝገብ ገደቡ ከምክንያት ጥያቄ ውጭ በሆነ ነገር፣ ለምሳሌ በአንድ አቤቱታ፣ ተጽፎ ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለያል፤ ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት የፈቃድ ፋይልዎን ቅጂ መጠየቅ ብልህነት ነው።

በእኔ ግምት አብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች ይህን ያለ ክርክር ያደርጉታል። እምቢ ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በ90 ቀናት ውስጥም ለአካባቢዎ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ከ2014 በፊት ስለ ገደብ ብቻ አቤት ማለት አከራካሪ ነበር፤ የዚያ ዓመት ሕግ ግን ከእምቢታ፣ ከእገዳና ከስረዛ ጋር ገደብንም ይግባኝ ከሚባልባቸው ውሳኔዎች ጨምሮታል። ቀነ ገደቡ ጥብቅ ነው፤ በስልክ ሲነጋገሩ አይለፍብዎ።

ካርዱ እስኪለወጥ ድረስ ሽጉጡን በቤትዎ መያዝና ወደ ተኩስ ሥፍራም ሆነ ወደ አደን መውሰድ ይችላሉ፤ ለራስ መከላከያ ብለው ወደ ገበያ ወይም ወደ ሥራ ይዘው አይውጡ። ገደብ መጣስ በሕጉ ያለ ፈቃድ ከመያዝ ጋር አንድ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ቢያንስ የ18 ወር እስራት የሚያስከትል ወንጀል ሲሆን፣ ገደብ የጣሰ ሰው ግን ከ1,000 እስከ 10,000 ዶላር ቅጣትና የፈቃዱ መታገድ ወይም መሰረዝ እንደሚጠብቀው ሕጉ ይደነግግ ነበር። የቅጣቱ ሕጋዊነት ከብሩን በኋላ ሊያከራክር ይችላል፤ ክርክሩን በራስዎ ፈቃድ ላይ መሞከር ግን ዋጋ የለውም፤ ፈቃዱ ከተሰረዘ በኋላ የሚጠብቅዎት የተስማሚነት ጥያቄ ነውና ከገደቡ እጅግ ይከብዳል።

የዜግነት ሁኔታዎን አልጠቀሱም፤ ሌሎች አንባቢዎች ስለሚጠይቁ ግን ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜጋ ባለመሆኑ ብቻ ከዚህ ፈቃድ ሊከለከል እንደማይችል የቦስተን ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2012 ወስኗል። ስለ ገደብ የተባለው ሁሉ ለእርሱም እኩል ይሠራል።

በመጨረሻ፣ ገደቡ ቢነሣልዎም አዛዡ የማይወስናቸው ክልከላዎች እንዳሉ ይቆያሉ። በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መያዝ ክልክል ነው፤ በ2024 የወጣው ሕግ ደግሞ ፍርድ ቤቶችን፣ የምርጫ ጣቢያዎችንና የመንግሥት አስተዳደር ሕንጻዎችን ጨምሯል። አሠሪዎም በግቢው ውስጥ መሣሪያ አይገባም ሊል ይችላል። የማሳቹሴትስ ፈቃድ ከግዛቱ ወሰን ሲወጡ በሁሉም ግዛት አይሠራም፤ ኮነቲከትና ኒውዮርክ አይቀበሉትም፤ ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ሽጉጡን ቤት በተቆለፈ ሣጥን ትተውት ይሂዱ።